በወሰኑ ላይ ያለው በረዶ

ቅዳሜ ጠዋት ዓለምጌጥ ከአዳር ሥራ ስትመለስ፣ አሜሪካ፣ ሜስኪት ከተማ ያለው ቤቷ ደጃፍ ላይ የተደረደሩትን መኪኖች አየችና ሁሉም ገባት። ሐበሻ በዚህ አገር እንዲህ ተሰብስቦ፣ ያውም በሰዓቱ፣ የሚመጣው ለመርዶ ብቻ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ጋሽ ክፍሉ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

"ይርጉ ነው?" አለች።

"አዎ ልጄ። ተገኘ።"

ይርጉ ታናሽ ወንድሟ ነው። የአሜሪካ ቪዛ እየጠበቀ ካምፓላ ዓመታት ተቀምጦ፣ እጅን አጣጥፎ መኖር ሲያንገበግበው፣ ሩዌንዞሪ ተራራ ለሚወጡ ፈረንጆች ምግብ አብሳይ ሆነ። ዩጋንዳንና ኮንጎን የሚለየው ወሰን በዚያ ተራራ አናት ላይ ያልፋል። ከሥሩ ጫካና ረግረግ ነው፤ ከፍ ሲሉ ጅብራ፣ ከዚያ በላይ ድንጋይና በምድር ወገብ አጠገብ መኖሩ የሚገርም ግግር በረዶ። "አንድ እግሬ ዩጋንዳ፣ አንዱ ኮንጎ ነው፤ ቪዛ የጠየቀኝም የለ" እያለ በድምፅ መልእክት ይስቅላት ነበር። ከዓመታት በፊት ግን አንድ ቀን ማርጋሪታ ከሚባለው ጫፍ ሥር ጉም ዋጠውና ቀረ።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ውሸት ነው። ዓለምጌጥ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታሽግ ልቧ እዚያ ነበር። የሳተላይት ፎቶ በስልኳ እያጎላች በረዶው በየዓመቱ ምን ያህል እንደሸሸ ትከታተላለች። ሌላው ሰው በረዶው አለቀ ብሎ ሲያዝን እሷ ቅለጥ፣ ቶሎ ቅለጥ ትለው ነበር፤ ወንድሟን የያዘባት እሱ ነዋ። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አስወርዳ አፈር ማልበስ።

ሴቶቹ ደግፈው ሊያስለቅሷት ያዟት። እሷ አላለቀሰችም። የት እንደተገኘ ጠየቀች።

"እዚያው ተራራው ላይ" አሉ ጋሽ ክፍሉ።

"በየት በኩል? በዩጋንዳ ነው በኮንጎ?"

ተራራ ያው ተራራ ነው፣ ምን ልዩነት አለው አሉ። ደሟ የፈላው ያኔ ነው። በምሥራቅ በኩል ሰው ተሸክሞ የሚወረድበት መንገድ አለ፤ በምዕራብ በኩል ግን በረዶው ገደል አፍ ላይ ነው የሚያልቀው። ይህን የማያውቅ ሰው ስለ ወንድሟ ምን አገባው?

መቼ ሰማችሁ አለች። ነገሩ እየተጎተተ ወጣ። ማክሰኞ ነበር። የይርጉ ጓደኛ የነበረው መንገድ መሪ ባሉኩ፣ አስከሬኑን በረዶው ጠርዝ ላይ፣ ከወሰኑ ጥቂት ወደ ኮንጎ አልፎ አገኘው። ያለ ቤተሰብ ፈቃድ አልነካውም ብሎ፣ ይርጉ አንድ ቀን ቢቸግርህ ብሎ የሰጠውን የጋሽ ክፍሉን ቁጥር ደወለ።

"ሶ፣ ምን ላድርግ?" አሉ ሽማግሌው። "ሺፍት ላይ ነሽ፣ ትነጃለሽ፣ ደግሞ ደም ግፊት አለብሽ። መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ኦፍ የምትሆኚው ዛሬ ነው፤ እስከዚያ ለእሷ ኮል እንዳታደርግ አልኩት። በወጉ ይሁን ብለን ነው።"

ወጉ! ወጉማ ሞልቷል። ወንበሩ ተደርድሯል፣ ምግቡ በትሪ መጥቷል፣ ከጎረቤት ከተማ ከፍሪስኮ ድረስ የተነዳ መኪና አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ዓለምጌጥ ቁጥሩን ከጋሽ ክፍሉ ተቀብላ ባሉኩ ጋ ደወለችና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ሰውዬው በተሰበረ እንግሊዝኛ ቀስ ብሎ ነገራት። እስከ ሐሙስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። እሱና ጓደኞቹ ገመዱን አዘጋጅተው፣ ኔትዎርክ ያለበት ቋጥኝ ላይ ተቀምጠው ቃሏን ጠበቁ። አርብ በረዶ ጣለ። አስከሬኑ ያረፈበት ጠርዝ ተቆርሶ በኮንጎ በኩል ገደል ገባ።

"ቤተሰቡ አትቸኩል ብሏል አሉኝ ሽማግሌው" አለ።

ከሴቶቹ አንዷ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አለች።

"የእግዚአብሔር አይደለም፣ የእናንተ ነው" አለች ዓለምጌጥ፤ ስልኩንም ለጋሽ ክፍሉ ዘረጋችላቸው። "ጋሼ፣ ማክሰኞ ብሰማ ኖሮ የምለው አንድ ቃል ነበር። አውርደው። አሁን እርስዎ ይበሉት።"

ይቅርብኝ አሉ። እጇን አላጠፈችም። ሰው ሁሉ እያየ ተቀበሏት።

"አውርደው" አሉ፣ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው።

ባሉኩ በትሕትና፣ "አባቴ፣ አሁን እኮ ከዚህ በኩል አይታይም" አለ።

ዓለምጌጥ ያን ጊዜ አለቀሰች። ጋሽ ክፍሉም ስልኩን የሚቀበላቸው ሰው አጡ።