ያልተቀደደችው ትኬት

ሰው ጡረታ ሲወጣ ንብ ያረባል፣ አለዚያ ሽምግልና ይቀመጣል። የመካነ ሰላሙ ብዙአየሁ ግን አሮጌ የአውቶቡስ ትኬት ይሰበስባል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አሉት፤ ከሣጥን ስር፣ ከአሮጌ ኮት ኪስ፣ ከመዝሙር ዳዊት መሐል የተገኙ። ሚስቱ የትምወርቅ መጀመሪያ ታፍርበት ነበር። አሁን እንግዳ ሲመጣ ራሷ አውጥታ ታሳያለች።

ችግሩ ሁሉም ግማሽ ትኬት መሆናቸው ነው። ጥፋቱ ደግሞ የማንም ሳይሆን የራሱ ነው። በወጣትነቱ አቀስታ መናኸሪያ ትኬት ቆራጭ ነበር። ያኔ ክረምት ሲገባ ከደሴ የሚመጣው አውቶቡስ ጭቃውን ፈርቶ መንገደኛውን አቀስታ ያራግፋል፤ ከዚያ ወደ መካነ ሰላም ሌላ መኪና ይቀበለዋል። ለዚህ የምትሰጥ አንዲት ሰፊ ቢጫ ትኬት ነበረች። ሁለተኛው መኪና ላይ ሲወጡ ለሁለት ትቀደዳለች፤ ግማሿ ለቆራጩ፣ ግማሿ ለመንገደኛው። ብዙአየሁ መቅደድ ላይ ቀልድ አያውቅም። የተኛ ቀስቅሶ ይቀድዳል፤ የክርስትና አባቱን ሳይቀር «ያልተቀደደ ትኬት መሳፈር አይደለም» ብሎ አስወርዷል። እናም ዛሬ በአገሩ አንዲት ሙሉ ቢጫ ትኬት ቢፈልግ አጣ። የእጁን አገኘ።

አንድ ቀን የሚኒባስ ሾፌሩ ሃሩን ወሬ ይዞ መጣ። አቀስታ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ ዘሊካ የምትባል ሴት አለች። በየዓመቱ ኢድ ሲያልፍ መናኸሪያ ትመጣና ቢጫ ትኬት አውጥታ «መካነ ሰላም አድርሱኝ» ትላለች። ረዳቶቹ ስቀው ሒሳብ ሲጠይቋት ከፍያለሁ ብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ብዙአየሁ ሙሉ ናት ወይ ሲለው፣ ጥግዋ እንኳ አልታጠፈም አለ ሃሩን። ብዙአየሁ ያን ቀን ምሳው አልወረደለትም።

በማግስቱ ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ሻሽ ይዞ አቀስታ ወረደ። ዘሊካ ስኳሩን አመስግና ተቀበለችው፤ ትኬቷን ግን ከቆርቆሮ ሣጥን አውጥታ ከሩቅ አሳየችው። በ1975 ክረምት መካነ ሰላም ለእህቷ ለሩቂያ ሠርግ ስትሄድ የተቀበለቻት ናት። ሁለተኛው መኪና አንድ ቀን ቀረ፣ ሁለት ቀን ቀረ፣ ሠርጉም አለፈ። ያሳደራት የሻይ ቤት ባለቤት ልጁን ዳረላት፤ ሰባት ወለደች። በባሏ አትከፋም፤ አላህ በጭቃ ሰበብ የሰጠኝ ነው ትላለች። ሁለተኛ ልክፈል ካለች ግን የመጀመሪያው ክፍያ ከንቱ ቀረ ማለት ነው፤ ያንን አትፈቅድም። አርባ ሁለት ዓመት እህቷ ስትጠይቃት ኖረች እንጂ እሷ የእህቷን ደጃፍ አልረገጠችም። ዘንድሮ ግን ሩቂያ እግሯን ታማ ከቤት መውጣት ተሳናት።

«ይህን የጻፈውን ሰው አምጣልኝና ትኬቷን ውሰድ» አለች የትኬቷን ጀርባ ገልብጣ።

በሰማያዊ ቀለም «ነገ ጠዋት» ተብሎ ተጽፏል። ብዙአየሁ የገዛ እጅ ጽሑፉን አወቀ። ያን ቀን መንገደኛው መኪናው መቼ ነው እያለ ሲያስጨንቀው፣ ለመገላገል በየሰዉ ትኬት ላይ ጽፎ ነበር። ከዚያም ፈቃድ ወስዶ ወረኢሉ፣ አክስቱ ቤት ሄደ። አሁን ዝም ብሎ መውጣት ይችል ነበር፤ ግን አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

«እትዬ ዘሊካ፣ እኔ ነኝ» አለ።

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «አንተ ነህ? ያኔ ጸጉር ነበረህ። በል እንግዲያው አሳፍረኝ።»

ደስ አለው። ሒሳቡን እሱ እንደሚችል፣ የፊት ወንበር እንደሚያስይዝላት ነገራት። ራሷን ነቀነቀች።

«ወላሂ አትከፍልም። ትቀድዳለህ።»

ብዙአየሁ መላ ይፈልግ ጀመር። በእስክሪብቶ ምልክት ቢያደርግባትስ? ጥግዋን ትንሽ ቢቆርጣትስ? ዘሊካ ግን ያን ጊዜ መናኸሪያው ውስጥ ቆማ የሰማችውን አልረሳችም፤ ያልተቀደደ ትኬት መሳፈር አይደለም።

በሃሩን ሚኒባስ በር ላይ ቆሞ ትኬቷን ያዘ። ስንቱን ዓይኑን ሳያሽ የቀደደ ሰው ትኬቷን እያገላበጠ ቆየ። ሃሩን ዞር አለለት። ብዙአየሁ ዓይኑን ጨፍኖ ቀደደ። «ነገ» ለእሱ ደረሰው፣ «ጠዋት» ለእሷ። ዘሊካ ግማሿን ተቀብላ፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እንደ ሙሽራ ፊት ወንበር ላይ ወጣች። ሃሩን ለዚህች ተሳፋሪ ሒሳብ አልጠየቀም።

መካነ ሰላም ሩቂያ ደጃፏ ላይ በወንበር ተቀምጣ ጠበቀቻቸው። «ከሠርጌ ቀረሽ» አለች። ሁለቱ አሮጊቶች ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ብዙአየሁ አጥሩን ተደግፎ ወደ ሰማይ አየ። ዘሊካ ዕንባዋን በሻሿ ጠርጋ ግማሿን ትኬት ሰጠችው።

«ደርሻለሁ፤ እንግዲህ ያንተ ናት። መመለሻዬስ መቼ ነው?»

«ነገ ጠ...» ብሎ ምላሱን ነከሰ።

ሁለቱ እህትማማቾች እስኪያስላቸው ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። የትምወርቅ እራት አቅርባ ብትጠብቀው ሁለቱን ቁራጮች ጠረጴዛው ላይ አኖረና ቀጥታ ሃሩን ቤት ሄዶ ጠዋት ዘሊካን አቀስታ እንዲያደርስ ቃል አስገባው። በማግስቱም ዶሮ ሳይጮህ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ የሚኒባሱን በር በእጁ እንደያዘ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።