ፎቶው የኔ ነው፣ ሳቁ ግን የአክስቴ

የሰፈሩ ሰው «ጥድፊያ» ይለዋል። ሻይ ሳይበርድለት ጨልጦ ምላሱን የሚያቃጥል፣ በሩ ሳይከፈት ለመግባት ግንባሩን የሚያጋጭ ሰው ነው፤ ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ቀድሞ የመሬት ቀያሽ ነበር። ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ሥራውን ተወና በሚስቱ የጥርስ ክሊኒክ ስልክ ማንሳትና ቀጠሮ መያዝ ጀመረ። ክሊኒኩ ከአንድ መነጽር ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። በአንደኛው ሚስቱ ጥርስ ታክማለች፤ በሌላኛው እሱ ተራ የሚጠብቀውን ሰው እያጫወተ ፍርሃቱን ያስረሳዋል።

አንድ ሰሞን ታዲያ «ክሊኒኩ ድረ ገጽ ሊኖረው ይገባል» ብሎ ተነሳ። ቪዲዮ እያየ ተማረና ገጹን አቆመ። መጀመሪያ የጻፈው በእርጅና ዘመን ስለ ድድ አያያዝ ነበር። ጽሑፉ እንደ እንጨት መድረቁ ለራሱም ገብቶታል። «ፎቶ ቢኖረው ነፍስ ይዘራል» ብሎ ኢንተርኔት ላይ ሲያስስ አንዲት አሮጊት ብቅ አሉ። አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ሻሻቸው ትከሻቸው ላይ ወድቆ፣ እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ። አፋቸው ውስጥ የቀሩት ሁለት ጥርሶች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ እንደተኳረፉ ጎረቤታሞች ተራርቀው። ጥድፊያ ብቻውን ሳቀ። ወዲያው ፎቶውን አውርዶ ከጽሑፉ አናት ላይ አኖረው። ገጹን ለሰው ይፋ ሊያደርግ እጁን ሲሰነዝር ሚስቱ ጓንቷን እያወለቀች ወጣች።

«እኚህ ሴትዮ ማን ናቸው?»

«እኔ እንጃ። ኢንተርኔት ላይ ነው ያገኘኋቸው።»

«ኢንተርኔት ዘመዳቸው ነው? ማን ፈቀደልህ?»

«አንቺ ደግሞ፤ ዓለም ሁሉ የሚያየው ፎቶ እኮ ነው።»

«የጎረቤት ልብስ ገመድ ላይ ሲሰጣም ዓለም ሁሉ ያየዋል። አውርደህ ትለብሰዋለህ?»

ጥድፊያ እያጉረመረመ የፎቶውን ባለቤት ፍለጋ ገባ። ያገኛቸው ገጾች ሁሉ እንደሱው ከሌላ የወሰዱ ነበሩ። አንዱን ሲጠይቅ «እኔም ከሌላ ነው የወሰድኩት» ይለዋል፤ ያም ወደ ሌላው ይመራዋል። ተስፋ ሊቆርጥ ሲል የአንድ ፎቶ አንሺ ገጽ ላይ ደረሰ። ሰውየው ለካ እዚሁ ከተማ፣ በአውቶቡስ የሚደረስበት ሰፈር ነው የሚኖረው። ጥድፊያ እንደ ልማዱ ሳያስብ ጻፈለት፦ «ፎቶህን ልጠቀምበት ነው፤ ችግር የለውም አይደል?»

ሚስቱ ከኋላው ቆማ አነበበችው። «ይኼ ልመና ነው መርዶ?»

አስጠፋችውና እንደገና አስጻፈችው። ማን እንደሆነ፣ ፎቶው የትኛው ጽሑፍ ላይ እንደሚወጣ፣ ለምን እንደፈለገው፣ የአንሺው ስም ከሥሩ እንደሚጻፍ፣ እምቢ ቢባልም ቅር እንደማይለው ዘርዝሮ ላከ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ ጥርሱን ነክሶ ነበር።

መጠበቅ ለጥድፊያ ከጥርስ ሕመም ይብሳል። በማግስቱ ጠዋት እጁን ሥራ ላስይዝ ብሎ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ከፈተ። «የጥርስ ሐኪም ገጽ ላይ ጥርስ የሌለው ሰው ምን ይባላል?» አለ ለራሱ። እየጎረጎረ ለሴትዮዋ ከላይም ከታችም ሙሉ ጥርስ አበቀለላቸው። እንዴት እንዳማረባቸው እያየ በራሱ ሲኮራ ስልኩ ጮኸ።

«ጋሼ፣ መልእክትዎ ደርሶኛል» አለ ፎቶ አንሺው። «ደስ ነው ያለኝ። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚወስደው። ስሜን ከሥሩ ይጻፉልኝ፤ ፎቶው አይቆረጥ፣ ምኑም አይነካካ። ይኸው ነው።»

«እንዴታ» አለ ጥድፊያ፤ ዓይኑ ግን ወደ ስክሪኑ ሸሸ።

«አንድ ነገር ብቻ። ፎቶው የኔ ነው፣ ሳቁ ግን የአክስቴ። ለኔ ገጽ ፈቅዳልኛለች፤ ለክሊኒክ ከሆነ ግን እሷም እሺ ማለት አለባት። በስልክ ደግሞ እሺ አትልም፣ ‹ቦታውን ካላየሁ› ነው የምትለው። አሁን አብራኝ ናት፤ እግረ መንገዳችንን ብቅ እንበል?»

«ኑ፣ ኑ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ፎቶውን ሊያጠፋ ሲል ጉንጩ ያበጠ ታካሚ እያቃሰተ ገባ። እሱን አስቀምጦ ሲያጽናና የስክሪኑ ነገር ከነአካቴው ተረሳው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አክስትየው ደረጃውን ያለ ረዳት ወጥተው ገቡ። ምርኩዝ ይዘዋል፤ አልተደገፉበትም። ክፍሉን፣ ወንበሮቹን፣ ጉንጩ ያበጠውን ሰውዬ አንድ በአንድ ገመገሙና ስክሪኑ ጋ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። የወንድማቸው ልጅም አየው።

«ጋሼ፣ አይነካካ ብዬዎት ነበር እኮ» አለ። ትሑቱ ድምፁ ሻከረ።

ጥድፊያ ከታካሚው አጠገብ ብድግ አለ። ሚስቱ ድምፅ ሰምታ ከውስጥ ወጥታ ነበርና ነገሩን በአንድ እይታ ተረዳችው፤ ባሏን ገላመጠችው።

«ቆይ አንተ» አሉ አክስትየው ልጁን። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ጎንበስ አሉ። «እህቴን ከየት አገኛችኋት?»

በምርኩዛቸው ጫፍ ስክሪኑን ጠቆሙ።

«ታላቄ ናት። ጥርሷን እንደያዘች ነው ያረፈችው። የኔ መርገፍ ከመጀመሩ በፊት የሚለየን አልነበረም፤ እናታችን ራሷ እየተሳሳተች የእሷን ጥፋት እኔን ትገርፈኝ ነበር። ካሜራ ስታይ ስለምትሸሽ አንድ ፎቶ እንኳ አልቀረላትም። እናንተ ታዲያ ከየት?»

ጥድፊያ ዕድሜ ልኩን ቸኩሎ የተናገረ ሰው ነው። የዚያን ዕለት ግን ቃሉን መረጠ።

«እማማ፣ እህትዎ አይደሉም፣ እርስዎ ነዎት። ጥርሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ሳልጠይቅ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። አሁን አጠፋዋለሁ።»

«እንዳትነካት» አሉ ቀስ ብለው። ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ጥቂት እንዳዩዋት ሻሻቸውን አስተካክለው ዞሩ። «ገጹ ላይ እኔን አድርጉ፣ እንዳለሁ። ጥርስ እንደሌለኝ ሰው ቢያውቅ ምን ገዶኝ። እሷን በወረቀት አውጡልኝና ቤቴ ልውሰዳት። አንተስ፣ ትፈቅዳለህ?»

ልጁ መጥቶ ካጠገባቸው ቆመ። «ላንቺማ ምን እላለሁ፣ አክስቴ። አንድ ብቻ። ኢንተርኔት ላይ እንዳትወጣ።»

«እሷም አትወድም» አሉ።

ያን ጊዜ ነው ሐኪሟ «ግን እንዲያ ያሳቅዎት ምን ነበር?» ብላ የጠየቀችው።

«ይኼው ልጅ ነዋ። ‹ትንሽ ልራቅ፣ ትንሽ ልራቅ› እያለ ወደ ኋላ ሲሄድ ልብስ የዘፈዘፍኩበት ሳፋ ውስጥ ዘጭ አለ። ታዲያ ካሜራውን ሽቅብ ይዞ ማንሳቱን መች ተወ።» አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሳቁ። ልጁም ሳቀ። ጉንጩ ያበጠው ሰውዬ ፊቱን በሁለት እጁ ደግፎ «በፈጠራችሁ፣ አታስቁኝ» እያለ ተለማመጠ።

ጥድፊያ ከፎቶው ሥር ሊጽፍ ያሰበውን አነበበላቸው፦ «ጥርስ ቢረግፍም ሳቅ አይረግፍም።»

«ጥሩ ነው። የቀሩትን ሁለቱን ግን አትርሳቸው፤ ይቀየሙሃል» አሉና ወደ ሐኪሟ ዞሩ። «እስቲ ነይ፣ ከመጣሁ አይቀር እያቸው።» ጉንጩ ያበጠው ሰውዬ ከታከመ በኋላ እሳቸውም ገብተው ታዩ። ሁለቱም ጥርሶች ጤነኛ ነበሩ።

ገጹ በዚያው ሳምንት ይፋ ሆነ። ከፎቶው ሥር የአንሺው ስም አለ፤ «በባለ ሳቋ ፈቃድ» የሚልም ተጨምሯል። ስለ ድድ ያን ያህል ሰው ያነብባል ብሎ ጥድፊያ በሕልሙም አላሰበም ነበር። ሰው ለጽሑፉ ይምጣ ለአሮጊቷ ግን እግዜር ይወቀው።

ቆይቶ ከአንድ ጫማ መደብር መልእክት ደረሰው፤ ፎቶውን ለማስታወቂያ እንዲፈቅድላቸው ነበር የለመኑት። ጥድፊያ «እኔ የምሰጠው አይደለም» ብሎ መለሰና ጥያቄውን ለፎቶ አንሺው መራው። ከሰዓት በኋላ አክስትየው ራሳቸው ደወሉለት።

«ጫማዬ ፎቶው ላይ ይታያል እንዴ?»

«አይታይም፣ እማማ።»

«ታዲያ ምን አገናኘኝ? እምቢ አለች በላቸው። በደግ ቃል ግን፤ መጠየቃቸው ጨዋነት ነው።»

ጥድፊያ ወንበሩን አስጠግቶ መልሱን መጻፍ ጀመረ፤ ሁለት ጊዜ አጥፍቶ፣ ሦስተኛውን ሚስቱን ጠርቶ አስነበባት።