የውዴ ሆድና የእኔ ወረቀት

ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ የባለቤቴን የውዴን ሆድ እየነካ ጸለየ። የእኔን የነካ የለም። ወንድ ነኛ! በዚያ ላይ ኮተቤ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን መሪ፣ በቀበሌ ደግሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ እንዲህ ያለ ሰው ይመክናል ብሎ ማን ያስባል?

ውዴን ያዩዋት ሐኪሞች ሁሉ፣ "አንቺ ምንም የለብሽም፤ ባልሽን ላኪው" አሏት። እኔ ግን እምቢ አሻፈረኝ ብዬ ዓመት ከመንፈቅ ከረምኩ። በ1998 ጥቅምት ላይ አልቅሳ ስትለምነኝ ሄጄ ተመረመርኩ።

ውጤቱን የነገረኝ ሐኪም ልጅ እግር ነው።

"የዘር ሕዋስ አለዎት፤ ግን አብዛኛው ሳያድግ ይቀራል" አለኝ። "ሰውነት 'እደግ' የሚል መልእክት ይልክለታል። ሕዋሱ ላይ ደግሞ መልእክቱን የሚቀበል አካል አለ። እሱ ካልሠራ መልእክቱ ቢደርስም ዋጋ የለውም። የእርስዎ ችግር ይሄ ይሁን ሌላ፣ እዚህ መለየት አንችልም።"

ይህን ከእኔ በላይ የሚረዳ የለም፤ የቀበሌያችን ሥራ ማለት ይኸው ነው።

"ገባኝ ዶክተር" አልኩ። "ደብዳቤው ደርሷል፤ የሚመራው ሰው ስብሰባ ገብቷል።"

ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። "የሚሞከር ሕክምና አለ፤ ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ" ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ለውዴ ግን "ውጤቱ አልደረሰም" አልኳት። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው!

በሳምንቱ የጸሎት ቡድኑ መሪ እህት ጵርስቅላ፣ ውዴን ለሦስት ቀን ጾም ጸሎት እንጦጦ ጫካ ይዛት ልትወጣ ወሰነች። እኔም ጓዝ ተሸክሜ ተከተልኩ። ዳገቱን በባሕር ዛፉ መሐል ስንወጣ ውዴ እህል አልቀመሰችም፤ ከንፈሯ ደርቋል። እኔ ቁርሴን በልቼ ነበር።

ላይ ስንደርስ ክብ ሠራን። በእኛ ልማድ እጅ የሚጫነው የታመመው ቦታ ላይ ስለሆነ የሰባት የቡድኑ ሴቶች እጅ ውዴ ሆድ ላይ ተደራረበ።

"ውዴ" አለች ጵርስቅላ፣ "ማኅፀንሽን የዘጋ የተሰወረ ኃጢአት ካለ ዛሬውኑ ተናዘዢ!"

ውዴ ዐይኗን ጨፍና ኃጢአት ፍለጋ ገባች። ብዙ ቆየች።

"የአማቴን ዶሮ ሽለምጥማጥ በላት ያልኩት ውሸት ነው" አለች። "ያረድኳት እኔ ነኝ።"

ዶሮዋን አብሬ በልቻለሁ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

"እጃችሁን አንሡ!" ብዬ ጮኽኩ። "ችግሩ የእኔ ነው። ማስረጃውም ይኸው!"

ጵርስቅላ ወረቀቱን ተቀብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"እንግዲያው ለወንድም ገመዳ እንጸልያለና!" አለች።

ሰባቱም እጃቸውን ዘርግተው ወደ እኔ መጡ፤ ከዚያ ልማዱ ትዝ ሲላቸው ቀጥ አሉ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አንዷ ሰማይ ሰማዩን አየች፣ ሌላዋ ጫማዬን። ጵርስቅላ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ "ጌታ ከሩቅም ይሰማል" አለች።

የቀረበችኝ ውዴ ብቻ ናት።

"ስንት ቀን ኪስህ ውስጥ ነበር?"

"ስምንት።"

አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በተሻለኝ። ጓዙን ፈታ ለጾም መፍቻ የያዝነውን ዳቦ አወጣች። ሣሩ ላይ ተቀምጣ፣ ቀስ ብላ፣ ፍርፋሪ ሳታስቀር በላች። ከዚያ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

"ሦስቱን ቀን አንተ ጹም" አለችኝ። "ሰኞ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን።"

ቁልቁል ወረደች። እኔም ጾምኩ።