ሦስት ጣት ወደ ታች

ልብስ ሰፊ ጨርቅ ከመቁረጡ በፊት የሚያደርጋት አንዲት ነገር አለች። ሦስት ጣቱን ገጥሞ ጨርቁን ከላይ ወደ ታች ዳበስ ያደርገዋል፣ እጥፋት እንዳይኖርበት። ማንም አያስተምራትም፤ ከሙያው ጋር አብራ ትመጣለች። እኔ አርባ አንድ ዓመት ዳብሻለሁ። ባለቤቴ እንደምትለው ተኝቼ እንኳ ብርድ ልብሱን እዳብሳለሁ። እና ልጆቼ፣ ይህች ዳበሳ ክፍሌን ልታሳጣኝ ምንም አልቀራትም ነበር።

ክፍሌ ስል የማስተምርበትን ነው። ሱቄን ለታናሽ ወንድሜ ከለቀቅሁለት በኋላ በአንድ የስፌት ማሰልጠኛ ውስጥ ቅድ፣ የጨርቅ አቆራረጥ፣ አስተምራለሁ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠመኔ፣ መቀስ፣ አንገቴ ላይ ሜትር፣ ዙሪያዬን ደግሞ ጥያቄ የማያልቅባቸው ሃያ ሁለት ተማሪዎች። ከዚህ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

አንድ ቀን ዳይሬክተሯ ሰበሰበችንና፣ "ከእንግዲህ ፓተርን፣ የልብሱ ንድፍ፣ በወረቀት ሳይሆን በኮምፒውተር ነው የሚሠራው" አለች። "የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ እያንዳንዳችሁ ተማሪዎቻችሁ ፊት አንድ ኮሌታ ስላችሁ ታሳያላችሁ። ያልቻለ ሰው…" ወደ እኔ ላለማየት ስትታገል አየኋት። "ያልቻለ ሰው እቃ ክፍሉን ያግዘናል።"

እቃ ክፍል ማለት የክርና የዚፕ ካርቶን የተደረደረባት፣ መስኮት የሌላት ክፍል ናት። ክር እወዳለሁ። ግን ክር ጥያቄ አይጠይቅም።

በዚያው ቀን ወደ እህቴ ልጅ ሄድኩ። ላፕቶፕ ጠጋኝ ናት። በሕፃንነቷ ሚጣ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ዛሬ በቁመት ትበልጠኛለች፣ ስሟ ግን አልተለወጠም።

"ጋሼ፣ ማውስ ልስጥህ?" አለችኝ።

"ማሰልጠኛው ማውስ የለውም። ገዝተው ነበር፣ አንድ በአንድ እግር አወጡ።"

"እንግዲያው በታችፓድ ነው የምትለምደው" ብላ ከፊደሎቹ በታች ያለችውን፣ በጣት የምትዳሰሰውን አራት ማዕዘን አሳየችኝ።

መጀመሪያ የሰጠችኝ ላፕቶፕ አሮጌ ነበር። ታችፓዱ ፕላስቲክ፣ መሀሉ በጣት ብዛት ያበራ፣ ከታች ሲጫኑት የሚሰማ፣ ከላይ ሲጫኑት የሚደነቁር። እኔ ደግሞ የጣቴን ጫፍ መርፌና መቀስ አጠንክረውታል። ብዳስስ ብዳስስ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ንቅንቅ አልል አለች። ምን አደረግሁ? ክር ሲያስቸግረኝ እንደማደርገው ጣቴን በምራቄ እርጥብ አድርጌ ነካሁት። ቀስቷ እንደ ቁንጫ ዘለለች።

"ጋሼ! ምራቅህን ነው የቀባኸው?"

"ትንሽ ነው።"

"ይሄኮ የመርፌ ቀዳዳ አይደለም! ደግሞ መዳፍህን አንሳው፣ እሱንም ጣት እየመሰለው ነው።"

መዳፌን የት ላድርገው? ግራ እጅ ጨርቅ ይይዛል፤ ሥራው ነው።

ይሁን እሺ ብዬ ሁለት ሰዓት ታግዬ አንዲት ኮሌታ ሳልኩ። ደስ ብሎኝ ሳያት፣ እጄ ሳያስፈቅደኝ ሦስት ጣቱን ገጥሞ ዳበስ። ኮሌታዋ ድምጥማጧ ጠፋ።

ክው አልኩ። "ሚጣ፣ ገደልኳት!"

የያዘችውን መፍቻ አስቀምጣ መጣች። "አልሞተችም። ይሄ ዊንዶውስ ነው። ሦስት ጣት ወደ ታች ስትለው ሁሉን ነገር ዝቅ ያደርገዋል። አስተኛሃት እንጂ አልገደልካትም። በል በሦስት ጣትህ ወደ ላይ ቀስቅሳት።"

ቀሰቀስኳት። ከነስፌት ትርፏ ብቅ አለች።

ግን ነቅታ ትውልልኛለች? በዚያ ሳምንት ሃምሳ ጊዜ አስተኝቻታለሁ። ሚጣ መጨረሻ ላይ ሳቋን ስታፍን ቆይታ፣ "ጋሼ፣ ያንተን እጅ ከምንቀይር ማሽኑን እንቀይረው" አለችና ሌላ ላፕቶፕ አወጣች። የዚህኛው ታችፓድ መስታወት ነው፤ ሰፊ፣ እንደ ሐር የሚያንሸራትት፣ የትም ቢጫኑት የሚሰማ። በላዩ ላይ የጫነችው ደግሞ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነው። ሁለት ጣት ወደ ታች ስጎትት ገጹ ወደ ማልፈልገው አቅጣጫ ሄደብኝ፤ እሱን ገለበጠችልኝ። ለደረቅ ጣቴ ስሜቱን ከፍ አደረገችው፣ መዳፌን ቸል እንዲል ነገረችው።

"አሁን ዳብስ" አለችኝ።

ፈራሁ። ዳበስኩ። ኮሌታዋ ከቦታዋ ፍንክች አላለችም፤ ከታች "ተቀምጧል" የሚል ጽሑፍ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

"ሦስት ጣት ወደ ታች ስትል ሴቭ እንዲያደርግ አድርጌዋለሁ። ዳብስ እንደልብህ።"

ልጆቼ፣ ሰው እንዲህ ሲያስብላችሁ ምን ትላላችሁ? እኔ ግንባሯን ሳምኳት። ከዚያ በኋላ በሰላም ሠራሁ። እስል ነበር፣ እዳብስ ነበር፣ ሥራዬ ይቀመጥ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አንዷን ኮሌታ በአሥር ደቂቃ ጨረስኩ።

ሐሙስ ደረሰ። የሚጣን ላፕቶፕ ታቅፌ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

"አይ መምህር፣" አለች ዳይሬክተሯ በትሕትና፣ "ሁሉም ሰው በማሰልጠኛው ላፕቶፕ ነው የሚሠራው። እኩል እንዲሆን።"

የማሰልጠኛው ላፕቶፕ ታችፓድ የዚያ የአሮጌው ታናሽ ወንድም ነው። ቢሆንም ተቀመጥኩ። ከኋላ የማሽን ጥገና አስተማሪው፣ ለነገር የማይሰንፈው ጓደኛዬ፣ "አይዞህ፣ የእቃ ክፍሉ ቁልፍ በሩ ላይ ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን ሁሉም እንዲሰማው።

የአንገቱን ዙሪያ ሳልኩ። ቁመቱን ሰጠሁት። ኩርባውን ቀስ ብዬ አወረድኩት። በፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ ትልቅ ሆኖ ሲታይ እኔም ራሴ ወደድኩት። ስወደው ደግሞ… ዳበስ።

ግድግዳው ላይ የቀረው ሰማያዊ ሰማይና አንድ ዛፍ ነው። ክፍሉ ባንድ አፍ "ውይ!" አለ። ላብ አጠመቀኝ። ዳይሬክተሯ እስክሪብቶዋን አነሳች።

ያኔ የሚጣ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ አስተኛሃት እንጂ አልገደልካትም። ሦስት ጣቴን ወደ ላይ ገፋሁ። ኮሌታዋ ተነሳች። ተማሪዎቼ አጨበጨቡ፤ እኔም ታስቦበት እንደተደረገ ነገር ዓይኔን በጨው አጥቤ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ጨረስኩ።

"ጥሩ" አለች ዳይሬክተሯ። "ሴቭ ያድርጉትና ይዝጉት።"

ዳበስኩ፤ ተኛች። ቀሰቀስኳት። እንደገና ዳበስኩ፤ ተኛች።

"ምን እያደረጉ ነው መምህር?"

መዋሸት ይቻል ነበር። ግን ሃያ ሁለት ልጅ እያየኝ ነው። "እኔ በለመድኩበት ማሽን ሲዳበስ ይቀመጣል" አልኳት። "በዚህኛው ሴቭ እንዴት እንደሚደረግ አላውቅም።"

ከፊት ወንበር አንዷ ተማሪዬ እጇን አወጣች፤ "አባባ፣ ኮንትሮልና ኤስ አንድ ላይ ይጫኑ።" ተጫንኩ። ተቀመጠ።

"እኔ ሳስተምራት የኖርኳት ልጅ ናት" አልኩ። ሳቁ።

ዳይሬክተሯ አልሳቀችም። ወደ ግድግዳው ተጠግታ ኮሌታዬን ብዙ አየችው። "ይቺ ኩርባ ለምን ከፊት በለጠች?" አለች።

ጥያቄ! ላፕቶፑን ረሳሁት። ሜትሬን ከአንገቴ አውጥቼ የጥገናውን አስተማሪ አስነሳሁትና አንገቱ ላይ አዞርኩት። "የሰው አንገት ቧንቧ አይደለም፣ ወደፊት ያዘነብላል። እዩት ይሄን። ኩርባው ቢያንስ ኮሌታው እዚህ ጋ ያንቀዋል።" ትንሽ ጠበቅ አደረግሁበት፤ ስለ ቁልፉ። ተማሪዎቹ ጠረጴዛ ላይ ወጥተው ያያሉ፤ አንዱ ሴት ልብስ ላይስ ይላል፣ አንዱ ወፍራም ሰው ላይስ ይላል። ስንጨርስ ዳይሬክተሯ እስክሪብቶዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታለች።

"ለእቃ ክፍል ሌላ ሰው እፈልጋለሁ" አለች። "መምህር፣ ማሽኑን እንዲያ ያደረገልዎትን ሰው ይዘውልኝ ይምጡ።"

ሚጣ በማግስቱ መጥታ የአሥራ ሁለቱንም የክፍል ላፕቶፖች የሦስት ጣት ዳበሳ ሴቭ እንዲያደርግ አስተካከለች። ዊንዶውስ ላይም ለካስ ይቻላል፤ እንደየአገሩ መንገዱ ይለያያል እንጂ። አሁን ክፍሌ ውስጥ ሁሉም ይዳብሳል፣ ሁሉም ያስቀምጣል። ዳይሬክተሯም እየመጣች ትለማመዳለች።

ባለፈው ሰኞ ቢሮዋ አስጠራችኝ። በሩን ዘጋች። ፊቷ ልክ አይደለም።

"መምህር፣ ለማንም እንዳይነግሩ። የራሴ ላፕቶፕ የጻፍኩትን ሪፖርት ሁሉ ዋጠው። ዳበስኩት፣ ጠፋ።"

ለካ የእሷን ላፕቶፕ ሚጣ አልነካችውም።

"ወደ ላይ ይቀስቅሱት" አልኳት፣ ሦስት ጣቴን አንስቼ። ሪፖርቱ ተነሳ፤ ትከሻዋም አብሮ ወረደ።

ከእናንተ በቀር ለማንም አልተናገርኩም። እቃ ክፍል ይልኳታል ብዬ።