ሶፋው ወዴት ይዙር

ጣቢታን በቀበርን በአራተኛው ቀን ቤቴን ከፍቼ ስገባ የሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ።

ወደ ኋላ ተመልሼ በሩን አየሁት። በሩ የኔ ነው፤ አረንጓዴው ቀለም፣ ዝናብ የበላው የታችኛው ጠርዝ፣ ሁሉም የኔ ነው። እንደገና ገባሁ። ሶፋው ለቴሌቪዥኑ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መስኮቱ ዞሯል። ቡፌው ከላይ እስከ ታች ነጭ አንሶላ ለብሷል። ከቴሌቪዥኑ ላይ የነበሩት ሦስት የፕላስቲክ ጽጌረዳዎች የሉም። የሶፋው ዳንቴሎች የሉም። ከመሐል የነበረው ጠረጴዛ ግድግዳ ጥግ ተለጥፎ፣ የክፍሉ መሐል ባዶ ወለል ሆኗል።

እኛ በምንኖርበት ሰፈር፣ ፉሪ፣ ሰው ሲሞት ቤት ይራቆታል። የእድር ሰዎች ዕቃውን አውጥተው ጎረቤት ዘንድ ያስቀምጡታል፤ ለለቀስተኛው ወለሉ ላይ ፍራሽ ይነጠፋል፤ ደጅ ድንኳን ይተከላል። ድንኳኑ ሲነሣ ዕቃውን የሚመልሱት ያው ጎረቤቶች ናቸው። እኔ በዚያን ቀን ጠዋት የጣቢታን እናትና ወንድሞች የሆሳዕና መኪና ላይ ለማሳፈር ዓለም ገና ሄጄ ነበር። ዕቃው የተመለሰው እኔ በሌለሁበት ነው።

ጣቢታ ሚስቴ ናት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ሰበታ፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ ማሽኔ ላይ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጠራ። «ወድቃለች፣ ቶሎ ና» አሉኝ። ስደርስ አልፋ ነበር። ልቧ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ጠዋት ምሳ ዕቃዬን ስታቀብለኝ ምንም አልሆነችም። ከሆስፒታል ስመለስ ቤቱ ተራቁቶ ፍራሽ ተነጥፎበት ጠበቀኝ፤ ዕቃ ሳይቀር ከሷ ጋር የሄደ መሰለኝ። ልጅ አልወለድንም። በእነዚያ የለቅሶ ቀናት አንድ ነገር ብቻ ነበር የምመኘው፤ ድንኳኑ ሲነሣ ቤቱ እሷ እንደተወችው ሆኖ እንዲመለስልኝ።

አሁን ግን ያ ቤት የለም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ።

እትዬ ተረፈች መጥረጊያ ይዘው ቀና አሉ። የሴቶቹን የእድር ሥራ የሚመሩት እሳቸው ናቸው፤ ቤታቸው ከኛ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። «ምኑ ልጄ?» አሉኝ።

«ሶፋዬ ነዋ! ማነው እንዲህ ያደረገው? አራት ቀን ለቅሶ ስለተቀመጥኩ ቤቴን የራሳችሁ ቤት አደረጋችሁት?»

ሩሃማ ከመጋረጃው ጀርባ አልጋውን ታነጥፍ ነበር፤ ብቅ አለች። ከግቢው ማዶ ያለችውን ክፍል የተከራየች፣ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለች ልጅ ናት። «ጋሽ ዱባለ፣ እንደነበረ ነው የመለስነው» አለችኝ።

«እንደነበረ? እዚህ ቤት ስድስት ዓመት የኖርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?»

ጩኸቴን ሰምተው የቤቱ ባለቤት ኦቦ ጋሮማ ከደጅ ገቡ። «ዱባለ፣ ጃባዱ፣ በርታ እንጂ። ዕቃ ነው። ዕቃ ይዞራል» አሉ።

«አይዞርም፣ ኦቦ ጋሮማ! ይሄ ሶፋ አይዞርም!»

ለምን እንደዚያ እንደጮህኩ ለመረዳት ስለ ቤት ያለኝን አስተያየት ማወቅ ያስፈልጋል። ቤታችን አራት በአምስት የሆነ አንድ ክፍል ነው። አልጋው ከመጋረጃ ጀርባ ነው። እኔ ያደግኩት እንግዳ ሲመጣ ወንበር ከጎረቤት በሚለመንበት ቤት ነው። ስለዚህ ለኔ ቤት ማለት የሞላ ነገር ነው። ሶፋ ቴሌቪዥን ማየት አለበት። ቡፌ ከበር ለሚገባ ሰው ፊት ለፊት፣ ብርጭቆው ሁሉ ታጥቦ ተደርድሮ መታየት አለበት። እንግዳ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሞልቶላቸዋል» ብሎ መሄድ አለበት። ሶፋውን ሰበታ ሄጄ ኤል ቅርጽ አሠራሁት፤ አራት ወንዶች ናቸው ያስገቡት።

ጣቢታ በዚያ ቀን በር ላይ ቆማ ስታየው፣ «ዱባለ፣ እኛስ የት እንቀመጣለን?» አለችኝ።

«ሶፋው ላይ ነዋ!»

«ወደ መስኮቱ ቢዞር አይሻልም?»

«እኔ በሕይወት እያለሁ ይህ ሶፋ ከቴሌቪዥን ፊት አይዞርም!» አልኳት። እየሳቅኩ ነው ያልኩት። እሷም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ስለ ሶፋው አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። አምናልኛለች ብዬ ስድስት ዓመት ኖርኩ።

እትዬ ተረፈች መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «በቃ፣ ሐዘንተኛ ነው፣ እሱ እንዳለው ይሁን። ሩሃማ፣ ያዥ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ሩሃማ ጎንበስ ብላ ከቡፌው ጎን የተጣጠፈ አሮጌ ብርድ ልብስ አወጣች። በጉልበቷ የሶፋውን ጫፍ ቀና አድርጋ ብርድ ልብሱን ከእግሮቹ ሥር ሰደደችው። እትዬ ተረፈች በወዲያኛው ጫፍ በዳሌያቸው ተደገፉት። ማናቸውም «አንድ፣ ሁለት» አላሉም። አራት ወንዶች እያላባቸው ያስገቡት ሶፋ እንደ ጀልባ ተንሸራትቶ፣ ግማሽ ክብ ዞሮ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመ። ሩሃማ አንሶላውን ከቡፌው ላይ ገፍፋ በአራት አጠፈችው። ጠረጴዛውን ወደ መሐል መለሰችው። ከቡፌው መሳቢያ ዳንቴሎቹን አወጣች፤ ትልቁ መሐል ላይ፣ ትንንሾቹ ክንዶቹ ላይ። ጽጌረዳዎቹን ቴሌቪዥኑ ላይ አቆመቻቸውና አንዷን በጣቷ ነካ አድርጋ ወደ ግራ አዘነበለቻት። አዎ፤ ያቺ ጽጌረዳ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነበለች ነበረች።

ሁሉም ነገር አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ቤቴ ተመለሰ። እኔ ግን በሩን ተደግፌ ቆምኩ።

«ይህን የት ተማራችሁት?»

ኦቦ ጋሮማ ጫማቸውን ያያሉ።

«ሩሃማ፣ አንቺን ነው የምጠይቀው።»

ሩሃማ እንባዋ መጣ። «በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዲህ እናደርገዋለን እኮ፣ ጋሽ ዱባለ። ጠዋት ሰርቪስህ ሲሄድ እናዞረዋለን። ማታ ከመምጣትህ በፊት እንመልሰዋለን።»

«ምኑን?»

«ሶፋውን፣ ጠረጴዛውን፣ ሁሉንም። ቡፌው ስለሚከብድ አንሶላ እናለብሰዋለን።»

«ስንት ጊዜ?»

«እሑድና በዓል ሲቀር ሁሌም። እኔ እዚህ ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው።»

«ከሷ በፊት ሁለቱን ዓመት ከኔ ጋር ነው» አሉ እትዬ ተረፈች። «ወገቤን ሲያመኝ ነው ሥራውን ለዚህች ልጅ ያስረከብኩት።»

«ኦቦ ጋሮማ፣ እርስዎም ያውቃሉ?»

«ኧረ ግቢው በሙሉ ያውቃል፣ ዱባለ። እኔማ መጀመሪያ ቤት ሊለቁ ነው ብዬ ደንግጬ ነበር።»

ግቢው በሙሉ ያውቃል። ስድስት ዓመት ሰላም ያሉኝ ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ። አንድ ቀን ፋብሪካ መብራት ጠፍቶ ከመውጫ ሰዓቴ በፊት የመጣሁበት ትዝ አለኝ። ሶፋው ክፍሉ መሐል ቆሞ፣ ጣቢታ በላብ ተጠምቃ፣ ይህችው ሩሃማ አጠገቧ ቆማ ነበር። «ስጠርግ ነው» አለችኝ ጣቢታ። እኔም ቁጭ ብዬ፣ ሶፋ እንዲህ ከተጎተተ እግሩ እንደሚላላ፣ ለዕቃ ማዘን እንዳለባት ስመክራት ዋልኩ። እሷ «እሺ» አለች። በየማታው ገብቼ ሶፋው ላይ ስዘረጋ «ቤት ማለት እንዲህ ነው!» እላለሁ፤ እሷ «እሺ» ትላለች። ውኃ ታቀርብልኛለች። እጇ ሻካራ ሆኗል ብያት አውቃለሁ። ከምን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም።

«ለምን አልነገረችኝም?» አልኩ።

ሩሃማ ዓይኗን ጠረገች። «እኔም እላት ነበር። እሷ ግን፣ ሶፋውን መግፋት ዱባለን ከመግፋት ይቀላል ትለኝ ነበር።»

«አንቺ ልጅ!» እትዬ ተረፈች ክንዷን መቱት። ኦቦ ጋሮማ ሳቅ አመለጣቸውና በሳል ሸፈኑት።

እኔ አልሳቅኩም። ሌላ ነገር መጣብኝ። «ልቧ ነው ብለዋል ሐኪሞቹ። በዚህ ነው? ሶፋ ስትገፋ ነው የሞተችው?»

«ዝም በል!» አሉ እትዬ ተረፈች። እንደዚያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። «እኔ የስድሳ ሁለት ዓመት አሮጊት ገፍቼው እዚህ ቆሜያለሁ። ሶፋ ሰው አይገድልም። ጌታዋ ጠራት፣ ሄደች። ደግሞ ስትወድቅ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። አልገፋችም፤ ተቀምጣ ነበር።»

«የት?»

«እዚሁ ሶፋ ላይ ነዋ። ወደ መስኮቱ ዞራ።»

ያኔ ነው የገባኝ። ማክሰኞ አራት ሰዓት ላይ ሶፋው ወደ መስኮቱ ዞሮ ነበር። እነዚህ ሰዎች ቤቱን የመለሱልኝ በትክክል እሷ እንደተወችው አድርገው ነው። በለቅሶው ሁሉ የተመኘሁትን ነገር በር ከፍቼ አገኘሁት፤ ጮኼም አስፈረስኩት።

«መልሱት» አልኩ።

«ምን?»

«እንደሷ አድርጉት። እኔም ልያዝ።»

የሶፋውን ጫፍ በሁለት እጄ ጨብጬ ብድግ ላደርገው ታገልኩ። ንቅንቅ አላለም። ሩሃማ ብርድ ልብሱን እያስገባች፣ «አታንሣው፣ ጋሽ ዱባለ፤ ጉልበትህን ከሥሩ አድርግና ግፋ» አለችኝ። ገፋሁ፤ ከግድግዳው ጋር አጋጨሁት፤ ቀለሙ ተላጠ።

«ስድስት ዓመት ተቀምጦበት አያውቀውም» አሉ እትዬ ተረፈች፣ ለማንም ሳይሆን።

በመጨረሻ ዞረ። ተቀመጥኩበት። በመስኮቱ የሚታየው ይህን ያህል የሚያስደንቅ ነገር አይደለም፤ የኦቦ ጋሮማ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ከአጥሩ ወዲያ የተጀመረ የብሎኬት ቤት፣ ከሱ በላይ ትንሽ ዳገት። ብርሃኑ ግን ጭኔ ላይ መጥቶ አረፈ። ስድስት ዓመት በዚህ ቤት ስኖር ቀን ላይ እንደዚህ ብርሃን እንደሚገባበት አላውቅም ነበር።

«መሐሉን ምን ታደርግበት ነበር?» ብዬ ሩሃማን ጠየቅኳት።

«ምንም። ባዶ እንዲሆን ነው የምትፈልገው። ትንሽ ቤት ዕቃ ሲበዛበት ባለቤቱ እንግዳ ይሆናል ትላለች። አንዳንዴ ምንጣፍ አንጥፋ ትጸልያለች፣ አንዳንዴ እግሯን ዘርግታ ልብስ ትጠቅማለች።»

«ቴሌቪዥኑስ?»

«እንደ ሬድዮ ነው የምትሰማው።»

«ፀሐይ እኮ የሶፋውን ጨርቅ ታነጣዋለች» አልኩ። ልማዴ ሆኖ ነው። ተናግሬ ሳልጨርስ ዓይኔ ክንዱ ላይ አረፈ። ዳንቴሉ የሚሸፍነው ቦታ ነጥቷል። አምና ይህን አይቼ «ርካሽ ጨርቅ ነው ያለበስከው» ብዬ ሰበታ ድረስ ሄጄ ከሶፋ ሠሪው ጋር ተጣልቻለሁ። ጣቢታ በዚያ ቀን «ተወው፣ ሰውዬው ምን ያድርግ» ስትለኝ ለሰው ስለምታዝን ነው ብዬ ነበር።

እውነቱን ለመናገር አሁንም በሁሉም አልስማማም። ወደ አልጋው ስሄድ የሶፋው ጫፍ እግሬን ይመታኛል። የዞረ ሶፋ ለእንግዳ ጀርባውን ይሰጣል፤ ይህ ነውር ይመስለኛል። ቡፌውንም አንሶላ ማልበሷ ያሳዝነኛል፤ እነዚያን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ ልነግራት እችል ነበር። እሷም መልስ ነበራት፤ ጥሩ መልስ እንደነበራት አሁን አውቃለሁ። ክርክሩን በአንድ ቀልድ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ወንድሞች ከቤተ ክርስቲያን ለጸሎት መጡ። ቲቶ ቀድሞ ገባ፤ አብረን የምንሠራ፣ በየወሩ ቤታችን የሚጸልይ ሰው ነው። በሩ ላይ ቆሞ ክፍሉን ዙሪያውን አየው።

«ዱባለ፣ ምን ሆነ ቤቱ? ሶፋው ለምን ዞረ?»

«ጣቢታ ናት እንዲህ የምታስቀምጠው።»

«መቼ? ስንት ዓመት ስመላለስ አንድ ቀን እንዲህ ሆኖ አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም» አልኩትና እንዲቀመጥ ጠጋ አልኩለት።