አራሚው ያቃናው ሞት

አራሚው በማተሚያ ቤት ሲሠራ ከምንም በላይ የሚያንገበግበው አንድ ነገር ነበር፤ ያው ጉዳይ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሆኖ ሲጻፍ። በምዕራፍ ሁለት ጠይም የነበረች እናት በምዕራፍ ዘጠኝ ቀይ ሆና ከመጣች እህል አይወርድለትም። ለደራሲው ይደውላል፤ ደራሲው ካላነሳ የፊተኛውን ይዞ የኋለኛውን ያቃናል። የማተሚያ ቤቱ ደንብ ይኸው ነው። ባልደረቦቹ “ውሃ ቀጠነ ባይ” እያሉ ያሙታል፤ አይከፋውም።

ቅዱስ መጽሐፉንም ያስጣለው ይኸው አመሉ ነው። ወንጌሎቹን ጎን ለጎን ዘርግቶ ሲያነብ በአንዱ ዶሮ አንዴ ይጮኻል፣ በሌላው ሁለቴ። በአንዱ መቃብሩ ዘንድ የሚታየው መልአክ አንድ ነው፣ በሌላው ሁለት። ወደ እግዚአብሔር ደውሎ ማጣራት የለ ነገር። “የሰው እጅ ሥራ ነው” ብሎ ዘጋው፤ ለአባቱ ግን ትንፍሽ አላለም።

አባቱ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለው በእሳቸው አልሠራም። ባዶ እጃቸውን ገብተው ባዶ እጃቸውን ወጡ፤ የተረፋቸው በትልቋ ልጃቸው ቤት አንድ ክፍልና የሰፈሩ ሰው አክብሮት ነው። በአጥር የተገፋፋ፣ በውርስ የተኳረፈ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ወንድ ልጃቸውን ከሥራ መልስ እየመጣ መጽሐፉን እንዲያነብላቸው ለመኑት፤ ከወንጌል ጀምሮ፣ በተራ።

አነበበ። እምነቱ ቢጠፋ ድምፁ አልጠፋ። ችግሩ፣ ነገሩ የተጋጨበት ቦታ ሲደርስ ምላሱ በገዛ ፈቃዷ ማረም ጀመረች። ዶሮውን በሁሉም ወንጌል አንዴ ብቻ አስጮኸው። መላእክቱን በቁጥር አስማማቸው። ጌታውን አሳልፎ የሰጠው ሰው በመጀመሪያው ወንጌል ታንቆ ይሞታል፤ ወደ ሐዋርያት ሥራ ሲመጣ ግን በግንባሩ ተደፍቶ ሆዱ ይፈነዳል። አራሚው እዚያም አንቆ ገደለው። ሽማግሌውን ከጥርጣሬ ያዳነ መስሎት ደስ አለው። ለበጎ የተዋሸ ውሸት መቼም አይጣል ነው፤ ይጣፍጣል።

ሽማግሌው በዚያ ሰሞን በአጥር የተጣሉ ጎረቤቶች ቢመጡ፣ “ጭንቅላቴ አይይዝልኝም፤ ሌላ ሰው ፈልጉ” ብለው መለሷቸው። ሬድዮም መስማት ተዉ። አንድ ቅዳሜ እህቱ አራሚውን ወጥ ቤት ጠራችውና በሩን ገርበብ አደረገች።

“አባባ የጭንቅላት ሐኪም ጋ ውሰጂኝ እያሉኝ ነው” አለችው።

“ምን ሆኑ?”

“ያልነበረው የነበረ እየመሰለኝ ነው አሉ። መጽሐፉ ላይ አንድ ሰው በሁለት ዓይነት ሞት ሲሞት አስታውሳለሁ፣ ወንድምሽ ሲያነበው ግን እንደዚያ አይልም አሉ። ፈርተዋል። እናታቸው እንዴት እንደሞቱ ታውቅ የለ?”

ያውቃል። አያቱ በመጨረሻ የገዛ ልጃቸውን “ማነህ?” እያሉ ነው የሞቱት። አራሚው ክው አለ። ቢናገር የደበቀው ክህደት ይወጣል፤ ዝም ቢል አባቱ ጤነኛ አእምሯቸውን እንደ ታመመ ቆጥረው ይኖራሉ። የመጣው ይምጣ ብሎ ወደ ክፍላቸው ገባ። እህቱም ተከተለችው።

“አባባ፣ ጭንቅላትዎ ደህና ነው” አለ እንደቆመ። “መጽሐፉ ላይ ሁለት ዓይነት ሞት ነው ያለው። አንድ ያደረግኩት እኔ ነኝ።”

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። “ዶሮውስ?”

“እሱንም።”

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። “እኔኮ አበቃልኝ ብዬ ነበር” አሉ። ከዚያ ዳኝነታቸው ተመለሰ። “ለምን ነካካኸው?”

“እርስዎ እንዳይጠራጠሩ ብዬ። እኔ የተውኩት በዚያ ምክንያት ነው። የእግዚአብሔር ቃል ነው ብዬ አላምንም፣ አባባ።”

“አራት ምስክሮች ቃል በቃል አንድ ዓይነት ሲናገሩ ሰምቼ አምኜ አላውቅም” አሉ። “ተማክረው የመጡ ናቸው።”

“እነዚያ ሰዎች ናቸው፤ ሰው ይሳሳታል። ይህን ግን እግዚአብሔር አስጻፈው ነው የሚባለው። የዶሮ ጩኸት መቁጠር ያቅተዋል?”

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። “እሱን አላውቅም። በጎልማሳነቴ አንድ ሰባኪ ጠይቄ ነበር፤ መልስ ሰጠኝ፣ አልበቃኝም። ሳይበቃኝ ኖርኩ።” ከዚያ ፈገግታቸው ጠፋ። “ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። መጽሐፉ እዚህም እዚያም ቢጋጭብህ ጨርሰህ ጣልከው። አንተ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ አጣመህ አነበብክልኝ። በአንተ ሕግ ከሄድን ካፍህ የሚወጣውን አንዲት ቃል ማመን የለብኝም፤ አይደለም?”

አራሚው ከልቡ አፈረ።

“ዓይኔ እንደሆነ አያይ። በትክክል ማንበብህን በምን አጣራለሁ?”

“እሷ ታንብብልዎ” አለ። መጽሐፉን አንስቶ ወደ እህቱ ዘረጋ።

“ማን ስጥ አለህ?” አሉ ሽማግሌው። አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው ዳብሰው አገኙና ወደ ራሳቸው አስጠጉት። “ቁጭ በልና አንብብ።”