የተጻፈበት ወረቀት

ሪሃና ክላሰሯን ሦስተኛ ጊዜ አገላበጠች፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች የሉም። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ሄዳ ለአማካሪዋ የምታሳየው ስሌት እነሱ ላይ ነበር። እሳቸው ባለፈው ጊዜ ስህተት አይተውበት፣ ካልተስተካከለ መመረቋ ለከርሞ እንደሚተላለፍ ነግረዋታል። ስህተቷን ስትፈልግ አንድ ወር ለፍታ ያገኘችው ገና ትናንት ነው። ደስታዋን የምታካፍለው ሰው ግን አልነበራትም። መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ላይ ስለ አቶም ለማን ይወራል? ቀኑን ሙሉ ሰው እየተጋፋት ብቻዋን ነበረች።

"እማ፣ እዚህ የነበረውን ወረቀት አይተሻል?"

እናቷ ዘሀራ በቅመም ሱቃቸው ውስጥ ኮረሪማ እየመዘነች ነበር። ጠዋት የመጠቅለያ ጋዜጣ አልቆባት ከክላሰሩ ሁለት ወረቀት ወስዳ ጥቁር አዝሙድ እንደጠቀለለችበት ነገረቻት። ገዢዋ የቡታጅራዋ ፋጢማ ናት፤ ሞባይል የላትም።

ሪሃና በተሸካሚዎች መሀል እየተሹለከለከች አውቶቡስ ተራ ድረስ ሮጠች። የቡታጅራው አውቶቡስ ከወጣ ቆይቷል። ዓይኗን እየጠረገች ተመለሰች። በርበሬ በረንዳ ለሚያለቅስ ሰው ይመቻል፤ ማንም ምን ሆንሽ አይልም።

"ባዶ ወረቀት እያለ ለምን የተጻፈበትን ወሰድሽ?"

"የተጻፈበት ያለቀለት መስሎኝ ነዋ። ንጹሑን ትጽፊበታለሽ ብዬ አልነካሁትም፣ ወላሂ።"

ሪሃና ልትናገር ያሰበችው ክፉ ቃል አፏ ላይ ቀረ። እናቷ እራሷ ፊደል ሳትቆጥር ለዚህ ያደረሰቻት በዚሁ ሚዛን ነው። ድሮ ስለ ትምህርቷ ትጠይቃት ነበር። ሪሃና ሁልጊዜ "አይገባሽም" ስለምትላት መጠየቁን ተወችው። ይህን ስታስታውስ አፈረች።

ቤተ መጻሕፍት ሄዳ እንደ አዲስ ልትሠራው ቦርሳዋን አነገተች።

"ምን ነበር የሚለው?" አለች ዘሀራ፣ ሚዛኑን እያየች።

ሪሃና በሩ ላይ ቆመች። "ስለ ኤሌክትሮን ነው። አቶም ውስጥ ያለች በጣም ትንሽ ነገር ናት። ግድግዳ የመሰለ ነገር አግዷታል፤ እሱን የምትዘልበት አቅም የላትም። ኃይለኛ የሌዘር ብርሃን ሲያርፍበት ግን ግድግዳው ይሳሳል። ያኔ ሳትዘለው በውስጡ ሾልካ ትወጣለች።"

ዘሀራ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። "ወጥታ ትቀራለች?"

"አንዳንዷ ትቀራለች። አንዳንዷን ግን ብርሃኑ ራሱ መልሶ ወደ ወጣችበት ይገፋታል።"

"እሰይ" አለች ዘሀራ።

ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ውጪ እስከዛሬ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ሪሃና ቦርሳዋን አወረደች። ሚዛኑን ገፋ አድርጋ ከንጹሑ ወረቀት አንዱን ዘረጋች።

"ቀረብ በይ፣ እማ" አለችና፣ ከስሌቱ አስቀድማ ግድግዳውን ሣለችላት።